አንድ ፊደል የጎደላት ደሴት

ሦስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ደሴት» ብለው ጻፉና ትርጉሙን ጠየቁን። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «የደሴ ሚስት ናት» አለ። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። ልጁ ግን አልቀለደም፤ ንጉሥ ብሎ ንግሥት፣ ቅዱስ ብሎ ቅድስት ከተባለ ደሴ ብሎ ደሴት የማይባልበት ምክንያት አልታየውም ነበር። መምህሩ ሣቃቸውን ዋጥ አድርገው በውኃ የተከበበች መሬት መሆኗን አስረዱን። በመስኮቱ በኩል የጦሳን ተራራ እያሳዩም «እኛን የከበበን ይኼ ነው፤ ውኃ ቢሆን ኖሮ ያቺን ት እንጨምርላት ነበር» አሉን።

የከተማችን ስም የመጣው ከደስታ ነው ይባላል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደነቁና ቦታውን ደስታዬ ሲሉ «ደሴ» አሉት እየተባለ ነው ያደግነው። እኔ ግን ከዚያ ትምህርት ጀምሮ ደሴት የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር የመጨረሻዋን ፊደል በጣቴ ሸፍኜ አነብባለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ቀረ። ልማዱ ደግሞ ሌላ ልማድ ወለደ፤ መጽሐፍ ስገዛም ሆነ ካርታ ሳገላብጥ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ደሴት ላይ ነው። ተራራ ለከበባት ከተማ ልጅ ይህ ትንሽ የሚያሳፍር ምኞት ይመስለኝ ነበር።

አሁን የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ። እዚህ ደረቅ ወደብ አለ። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ እንግዳ «ባሕሩስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባሕሩ ከአፋር በረሃ ማዶ ነው፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ኮንቴይነሩና ወረቀቱ ብቻ ነው። ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ቅጽ ሞልቼ መልስ እስኪመጣ ስጠብቅ፣ አንዳንዴ ሰዓት አንዳንዴም ቀን ይወስዳልና፣ ከጭነት ሰነዱ ላይ የመርከቧን ስም እወስድና በኢንተርኔት የማን ባንዲራ እንደምታውለበልብ እፈልጋለሁ። ማልታ። ባሃማስ። ማርሻል ደሴቶች። ደግሞ ማልታ። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ሚጢጢ አገሮች ይህን ሁሉ መርከብ ከየት አመጡት ብዬ ተገርሜ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ የመርከብ ባለቤቶች ክፍያውና ደንቡ ስለሚስማማቸው ነው እዚያ የሚያስመዘግቡት። ማርሻል ደሴቶች ላይ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1958 ድረስ 67 የኑክሌር ሙከራዎች አድርጋለች። የመርከብ መዝገባቸውን ሥራ የሚያካሂደው ድርጅት የተቀመጠው ደግሞ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። ደሴቶቹ ለሙከራ፣ ባንዲራቸው ለኪራይ ማለት ነው። የእኛዎቹ መርከቦች በበኩላቸው «ሐረር»፣ «ሰመራ»፣ «አሶሳ» እየተባሉ በውቅያኖስ ላይ ይሄዳሉ። ባሕር አይተው የማያውቁ ከተሞች ስማቸውን ልከዋል።

ይህ ጨዋታ የመሥሪያ ቤት ሰዓት ከመግፋት ያለፈ አልመሰለኝም ነበር። ግን ደሴት ከደሴት ጋር በማያስቡት መንገድ እየተያያዘ ሲመጣ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ ወደ ኋላ ሄድኩ። የሚጀምረው ከጓሮዬ ነው።

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማውም ሐይቅ፣ ውኃውም ሐይቅ ነው። አንድ የቅኔ መምህር እንደነገሩኝ ደግሞ በግእዙ ሐይቅ ማለት ዳርቻውም ጭምር ነው። ይህ ለእኔ የሚመች ትርጉም ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስን የማውቀው ከዳርቻው ነውና። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ታናሽ ወንድሜ ገብቶ ሲወጣ እኔ ከሌሎች ሴቶች ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠብቄዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ።

«ምን አየህ?» እለዋለሁ።

«ብዙ ነገር።»

«ለምሳሌ?»

«መጽሐፍ። መስቀል። ዛፍ።»

ወንድሜ ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ያየውን የመናገር ጸጋ አልተሰጠውም። ስለዚህ ያልገባሁበትን ቦታ በንባብ መግባት ነበረብኝ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ፣ እዚህ መጥተው ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበሩ። ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1280 እና 1281 መካከል የተጻፈ፣ እስከ ዛሬ አለ። የገዳሙ አበምኔቶች ኋላ ላይ ዓቃቤ ሰዓት የሚባለውን ታላቅ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ይዘው ኖረዋል። እስቲ አስቡት፤ የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቀው ሰው የደሴት ሰው ነበር።

ደሴት ማለቴ ግን በስም ነው። ቦታው ከጊዜ በኋላ በቀጭን መሬት ከዳርቻው ጋር ተገናኝቶ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። ወንዶቹ በእግራቸው ገብተው በእግራቸው ይወጣሉ። የቆየው ደሴትነት የተረፈው ለእኛ ለሴቶቹ ነው።

እዚህ ላይ አያቴ የሚተርኩልኝን ማምጣት አለብኝ። በእናቴ በኩል ያሉት አያቴ ዳዊት የሚደግሙ፣ በአባቴ በኩል ያሉት ደግሞ አምስት ወቅት የሚሰግዱ ነበሩ፤ ይህን ተረት ግን ሁለቱም በአንድ ቃል ነው የሚያወሩት። በጥንት ዘመን ሐይቁ ያለበት ቦታ ደረቅ መሬት ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔርም ተቆጣና አገሩን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ዘመዶቿም ሰጠሙ። ያልሰጠመው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው። ያ መሬት ነው ደሴት የሆነው፤ በኋላም እስጢፋኖስ የተተከለበት።

ልጅ ሳለሁ ስለ ልዕልቲቱ መስጠም ነበር የምጨነቀው። ካደግሁ በኋላ ግን አንድ ቀን ከዛፉ ጥላ ሥር ሆኜ ታሪኩ እንደገና ታወሰኝና ብቻዬን ሣቅሁ። ለአንዲት ሴት ተብላ ከውኃ የተረፈች መሬት ናት። ቅሬታ የለኝም ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ግን ሥርዓታቸውን አከብራለሁ፤ ሁለቱም ስሜቶች አብረው መቀመጥ ይችላሉ።

ከሐይቅ ወደ ጣና የሚወስደው መንገድ በሰው በኩል ነው። በጣና ላይ ያለውን ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ የኢየሱስ ሞአ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ከአንድ የውኃ ላይ ገዳም ወጥተው ሌላ የውኃ ላይ ገዳም አቋቋሙ፤ የሰማዕቱንም ስም ይዘው ሄዱ። ባሕር ዳር የሄድሁት ለእህቴ ልጅ ምርቃት ነበር፤ በማግሥቱ ጀልባ ተከራየን። ዳጋ ስንደርስ ወንዶቹ ወረዱ። እኔ፣ እህቴና ተመራቂዋ ጀልባው ላይ ቀረን። ዳጋም ሴት አያስገባምና። ባለ ጀልባው ለማጽናናት ይመስላል፣ ላይ ያለውን ሁሉ ይነግረን ጀመር፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ፋሲል አስከሬን እዚያ ነው። የሐይቁ ኢየሱስ ሞአ ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋን እንዲይዙ ረድተዋል የሚል ትውፊት አለ። እንግዲህ የአንደኛው ደሴት መምህር ያነገሡት ንጉሥ ሥጋው በሌላኛው ደሴት፣ በመምህሩ ተማሪ ገዳም ውስጥ ያርፋል። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ከዳርቻው ላይ ተቀምጬ ነበር።

ዝዋይ ላይ ግን ገባሁ። ይህን ቶሎ ብዬ ልለፈው፤ ምክንያቱም ደስታ ብዙ አያጽፍም። ከባቱ በጀልባ ሄደን ቱሉ ጉዶ ወጣሁ፤ ጫማዬን አውልቄ ደብረ ጽዮን ተሳለምሁ። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት እዚህ ኖረች ይላል ትውፊቱ። መጻሕፍትም እንዲሁ ተሸሽገው ቆይተዋል። የደሴቱ ሰዎች ዛይኛ ይናገራሉ፤ የቋንቋው የቅርብ ዘመዶች ስልጥኛና ሐረሪ ናቸው። ሐረር የት፣ የዝዋይ ሐይቅ የት!

በዚህ ጊዜ ነው አንድ ነገር የተገለጠልኝ። ሰው ወደ ደሴት የሚልከው ሁለት ነገር ነው፤ የሚሳሳለትንና የሚፈራውን። መጽሐፉን፣ ታቦቱን፣ የንጉሡን አስከሬን የሚልከው ጠላት እንዳይደርስበት ነው። እስረኛውንም የሚልከው ያው እስረኛ ወደ እሱ እንዳይደርስ ነው። ቁልፉ ውኃ ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ይቆልፋል። ዮሐንስ ወንጌላዊው ፍጥሞ ላይ በግዞት ሳለ ራእዩን አየ፤ የፈሩትን ሰው ላኩ፣ የሚሳሱለት መጽሐፍ ተመለሰላቸው።

የእኛን ከተማ ዋና መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል፣ የአይጠየፍ አዳራሽ ባለቤት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከታሰሩባቸው ቦታዎች አንዱ በጨቦ ሐይቅ ላይ ያለች ደሴት ነበረች። ይህን ሳነብ በጣቴ የምሸፍናት ፊደል ትዝ አለችኝ። የደሴ ጌታ ደሴት ላይ ታሰሩ።

ደሴትን እስር ቤት ማድረግ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በቀይ ባሕር ላይ ያለው ዳህላክ ገና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኡመያ ኸሊፋዎች የግዞት ቦታ ነበር፤ አል-አህወስ የሚባለው የመዲና ገጣሚ በምላሱ ጠንቅ እዚያ ተጥሏል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጣልያኖች መጥተው ከዚያው ከዳህላክ ደሴቶች መካከል ኖክራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1887 እስር ቤት ከፈቱ፤ እስከ 1941 ድረስም አልዘጉትም። ጣልያኖቹ የአል-አህወስን ግጥም አንብበው አይደለም፤ አንዴ ቁልፍ የሆነ ውኃ ሁሌም ቁልፍ ስለሆነ እንጂ። ግንኙነት ሁሉ ግንኙነት አይደለም፤ አንዳንዱ ሁለት ሰዎች ያንኑ በር ማግኘታቸው ነው።

አባቴ የአሰብ ሾፌር ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን አልፎ ይመላለስ ነበር። ስለ ኖክራ የሰማሁት መጀመሪያ ከእሱ ነው፤ እሱም ከሌሎች ሾፌሮች ሰምቶ። «ጨው በዙሪያው፣ ጥም በውስጡ» ነበር አገላለጹ። አባቴ ግጥም አያውቅም ነበር፤ ሙቀት ግን ያውቃል።

ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ። አዚናራ የምትባል የሰርዴኛ ደሴት ብዙዎቹን ተቀበለች። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ቶሪኖ ላይ አረፉ። ልዑል ራስ እምሩ ደግሞ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ አካባቢ እጅ ከሰጡ በኋላ ፖንዛ ወደምትባል ደሴት ተላኩ።

ፖንዛ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ታሰረ። የያዙት ሰዎች የት እንደሚያኖሩት ቸገራቸው፤ ሐምሌ 28 ቀን በመርከብ አምጥተው ፖንዛ አወረዱት። በማግሥቱ 60 ዓመት ሞላው። ያስቀመጡትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው ይባላል። ሙሶሊኒ እዚያ አሥር ቀን ያህል ብቻ ቆየ፤ ቀጥሎም ላ ማዳሌና ወደምትባል ሌላ ደሴት ወሰዱት። ደሴን ከሰማይ ያስደበደበው፣ በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ሳሉ፣ ይኸው ሰው ነው። በዚያ ቀን የጦሳን ግርጌ ያናወጠውን ድምፅ አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው «ያ ቀን» ነበር የሚሉት፤ ስም አልሰጡትም። ስለ ፖንዛው ቤት ካነበብሁ በኋላ መጀመሪያ የተመኘሁት ለእሳቸው መንገር ነበር፤ ግን በሕይወት የሉም። እንደማውቃቸው ከሆነ ነጠላቸውን አስተካክለው «ሰፈሩን ለቅቀውለት ነበር?» ይሉ ነበር።

ይህ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ግጥጥሞሽ አይደለም፤ ቤቱ አንድ መሆኑ የታሪክ ቧልት ነው፤ ያረካል እንጂ ምንም አያስረዳም። የሚያስረዳውን ያገኘሁት በሣር ውስጥ ነው።

ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ጀልባው ላይ ተቀምጠን ወንዶቹን ስንጠብቅ አንድ ታንኳ ማገዶ ጭኖ በአጠገባችን አለፈ። በቅርብ ሲታይ ነጠላ ሣር በሣር ላይ ተደርድሮ በገመድ የተጠፈረ ነው፤ መርፌ የለበት፣ ምስማር የለበት። ቀዛፊው እግሩ ውኃ ውስጥ ነው፤ ታንኳው ከውኃ ጋር አይጣላም፤ ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል። ሥራ ሲያበቃ ዳርቻ ላይ ያቆሙትና ያደርቁታል። «ካልደረቀ ይሰክራል» አለ ባለ ጀልባው። ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል ማለቱ ነው።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በሣር ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያመጣው ከዚሁ ከጣና ነው። የመጀመሪያዋን ጀልባ የሠሩለት የቻድ ሐይቅ ሰዎች ናቸው። «ራ» ተባለች፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ተነሣች፤ ሰባት ሰዎች ከሰባት አገር ተሳፈሩባት። አልዘለቀችም። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ገመድ ነው። በግብፅ መቃብሮች ሥዕል ላይ ከጀልባው የተቆለመመ ጅራት ወደ መካከሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ጌጥ መስሏቸው ተዉት። ገመዱ ግን ጅራቱን ወደ ላይ ይዞ እንደ ሞላ የሚያገለግል ነበር፤ እሱ ሲጠፋ ጅራቱ እየሰጠመ ጀልባዋ ተበታተነች። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ መሶብ ስትሰፋ ከጌጡ አንዱን ብዘል «ጌጥ እንዳይመስልሽ፣ እሱ ነው የሚይዘው» ትለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት «ራ ሁለት» ተሠራች። ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ነው፤ እጆቹ ግን ተቀየሩ። ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ፣ ሱሪኪ ከምትባል ደሴት የመጡ የአይማራ ሰዎች ነበሩ የሠሯት፤ እነሱም በሐይቃቸው ላይ በሣር ጀልባ ይኖራሉና። እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1970 ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። እንግዲህ የጣና ሣር፣ የቲቲካካ ደሴት እጅ፣ የካሪቢያን ደሴት ዳርቻ። የሄየርዳልን መላምት ሊቃውንቱ አልተቀበሉትም፤ መሻገር መቻሉ መሻገራቸውን አያረጋግጥምና፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ጥንት ሰዎች ነው። ስለ ደንገሉ ክርክር የለም፤ ሄዷል፣ ደርሷል። እኔ ዳጋ ላይ መውረድ ባልተፈቀደልኝ ሐይቅ ዳር የበቀለ ሣር ባርባዶስ ወርዷል።

የአጎቴ ልጅ ኦስሎ ትኖራለች። ይህን ታሪክ በስልክ ስነግራት «እኔ እኮ በአጠገቡ ነው በየሳምንቱ የማልፈው» አለችና በማግሥቱ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። «ራ ሁለት» እዚያ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች፤ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ጅራቷ ወደ ላይ የተወጠረ። ገመዱ ይታያል። ሙዚየሙ ያለበትን ሰፈር ስጠይቃት ቢግድኦይ አለችኝ። «ኦይ ማለት ደሴት ነው፤ ግን ደሴት አይደለም አሁን፤ መሬቱ ተያይዟል፤ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው» አለች። ስልኩን ይዤ ዝም አልሁ። «መስመሩ ተቋረጠ?» አለች። አልተቋረጠም ነበር። ፎቶግራፉን ከፍቼ ከሥሩ የጻፈችልኝን የሰፈሩን ስም የመጨረሻ ፊደሎች በጣቴ እየሸፈንሁ ነበር።

ማልታ ደግሞ በጎረቤት በኩል መጣች። የእናቴ የቡና ተጣጪ ልጅ በሊቢያ በኩል ባሕር ተሻግሮ ማልታ ገብቷል። እንዴት እንደተሻገረ አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። አንድ የሁዳዴ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ሳለ ደወለ። እናቱ እዚያም ይጾም እንደሆነ ጠየቁት። ሰዎቹ ካቶሊኮች ናቸው፣ ይጾማሉ፣ ግን ጾማቸውን «ረንዳን» ነው የሚሉት አላቸው።

«ረመዳን?» አለች እናቴ ከጀበናው ላይ ቀና ብላ።

«ረንዳን። ፋሲካን ደግሞ ዒድ ይሉታል። ገናን ሚሊድ። እግዚአብሔርን አላ።»

«በስመ አብ ብለው ያማትባሉ?»

«ያማትባሉ።»

እናቴ ሲኒውን አቀበለችና «ታዲያ ወሎዬዎች ናቸዋ!» አለች።

ቤቱ በሣቅ ሞላ፤ ልጁም ከዚያ ሆኖ ሣቀ፤ ድምፁ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮ ልጅነቱን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ኋላ አነበብሁ። ዐረቦች ማልታን እ.ኤ.አ. በ870 ያዙ፤ በ1091 ኖርማኖች መጡ፤ ሃይማኖቱ በጊዜ ብዛት ተቀየረ፤ ቋንቋው ግን ቀረ። ዛሬ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሴማዊ ቋንቋ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ዳቦ «ሖብዝ» ነው፤ የእኛ ኅብስት ዘመድ። ራስ ራስ ነው። ዓይን ዓይን ነው። በጾምና በበዓል ቃሎቻቸው ላይ ግን የማልታ ሰው የማይሰማውን ነገር የወሎ ሰው ይሰማዋል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት አያት፣ ሁለት ጾም፣ አንድ ጀበና ላለው ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሳችን ደሴቲቱን መላጥያ ይላታል፤ የጳውሎስ መርከብ የተሰበረችባት ናት። መርከብ የተሰበረባቸውን ሰዎች የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው ይላል። ይህን ለልጁ እናት አነበብሁላቸው። «እሳት አንድደውለት ይሆን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ባለፈው ጥቅምት ሐይቅ ሄድሁ። ወንድሜ አልተመቸውም፤ ብቻዬን ነበርሁ። ከዛፉ ሥር መቀመጥ ሰለቸኝና ዳርቻ ላይ አንድ ጀልባ ያለው ልጅ አነጋገርሁ፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገዳሙን በውኃው በኩል ዞረን እንድናየው ተስማማን። ውኃው ጥልቅ ነው፤ መካከሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ወገን ሲታይ መሬቱ በዛፍ የተሸፈነ ጉብታ ነው፤ ጣሪያው በቅጠሎቹ መካከል ብቅ ጥልቅ ይላል። አንድ መነኩሴ ውኃ ሊቀዱ ወርደው በጀሪካን ሞሉና ወደ ላይ ወጡ፤ አላዩንም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ሦስቱን ወገን ዞርን። አራተኛው ጋ፣ መሬቱ ከዳርቻው የተያያዘበት ጋ ስንቃረብ ልጁ መቅዘፉን አቆመ።

«እትዬ፣ ከዚህ አናልፍም።»

«አባቶች ይቆጣሉ?»

«አይ፣ እነሱ አይደሉም» አለና መቅዘፊያውን አንሥቶ ቀጥ አድርጎ ወደ ውኃው ሰደደው። ክንዱ እንኳ ሳይረጥብ ጭቃ ነካ።